የኮሮላዋ ሁለት ሳንቲም

አባባ ሲያርፉ ለሰባት ልጆቻቸው የሚከፋፈል ነገር የተዉት አንድ ብቻ ነው፤ ኮሮላ ዲኤክስ መኪና። ቤቱ የእማዬ ነው። እሷ ቁጭ ብላ ስለ ቤቱ አፉን የሚከፍት ልጅ ገና አልተወለደም። መኪናዋ ግን ሁለት ዓመት ግቢ ውስጥ ቆማ ዶሮዎች እንቁላል መጣል ጀምረውባት ነበር። ዕድሜዋ ከማሙሽ ይበልጣል። ማሙሽ የመጨረሻው ልጅ ነው፤ ዛሬ የሁለት ልጆች አባት ቢሆንም ስሙ አላደገለትም። ኮሮላዋ ቁልቁለት ካላገኘች አትነሣም ነበርና ጎረቤቶች፣ "አባታችሁ ቦታ ሲመርጡ ያዩት ለቤት የሚሆነውን ሳይሆን ለመኪናዋ የሚሆነውን ነው" ይሉን ነበር።

እንዲህም ሆና አንድ ሚሊዮን ብር አወጣች። ደላላው ኮፈኗን ከፍቶ፣ "ይቺ መኪና አይደለችም፣ ቅርስ ናት፤ የዛሬ ቆርቆሮ መሰለችህ?" እያለ ገዢውን ሲያሳምን እኛም አብረን አመንን። የስም ዝውውሩን ወጪ ገዢው ቻለ፤ ብሩ በታላቅ ወንድማችን በጋሼ ሒሳብ ገባ። እሑድ ከቅዳሴ መልስ ሁላችንም እማዬ ቤት ተሰበሰብን። አሜሪካ ያለችው እህታችን በታላቅ እህታችን በእትዬ ስልክ ውስጥ ሆና ከስኳር ዕቃው ተደግፋ ተገኘች። የእማዬ የንስሐ አባትም ለቡና ጎራ ብለው ነበር።

ጋሼ ጡረታ እስኪወጡ ድረስ ሠላሳ ዓመት ሙሉ ሒሳብ ሹም ነበሩ። መነጽራቸውን አጠለቁ፣ አንድ ወረቀት በሰባት መስመር አሰመሩና፣ "በል ማሙሽ፣ አንድ ሚሊዮን ለሰባት" አሉ።

ማሙሽ ስልኩን ነካ ነካ አደረገ። "መቶ አርባ ሁለት ሺህ ስምንት መቶ ሃምሳ ሰባት ነጥብ፣ አንድ አራት ሁለት፣ ስምንት አምስት ሰባት..."

"አንድ ጊዜ በቃን፤ ምን ያስደግምሃል?"

"እኔ አልደገምኩም ጋሼ፤ እሱ ነው የሚደግመው።"

ጋሼ ስልኩን ተቀብለው በመነጽሩ ውስጥም ከመነጽሩ በላይም አዩት። 142857.142857 ይላል። "ይንተባተባል" አሉና መለሱለት። "ቻርጁ ሊያልቅ ይሆናል።" ከዚያ እርሳስ አንሥተው በእጃቸው ሠሩት። እርሳሱም ተንተባተበ።

ለሌላ ሰው ቢሆን ነገሩ አይከብድም። ከነጥቡ በኋላ ሁለት አኃዝ ይዞ የቀረውን መቁረጥ ነው፤ ለእያንዳንዱ 142,857 ብር ከ14 ሳንቲም። ጋሼ ግን ሰባቱን ድርሻ መልሰው ሲደምሩት 999,999 ብር ከ98 ሳንቲም ሆነባቸው። ሁለት ሳንቲም የለችም። 15 ሳንቲም እናድርገው ቢባል ደግሞ አምስት ሳንቲም ከየት ይምጣ? እትዬ፣ "እሷን ለነዳያን እንስጣት" አሉ። ሁለት ሳንቲም ተቀብሎ የሚመርቅ ነዳይ ካለ ይምጣና ይታይ። ለመስጠትስ ቢሆን ሳንቲሟ የት ትገኛለች? ከወረቀትና ከስልክ ውጭ የምትኖርበት ኪስ የለም።

"ሒሳብ" አሉ ጋሼ፣ "በሁለት ሳንቲም ካልተዘጋ በሁለት ሚሊዮንም አይዘጋም።"

ከሕጉ እንነሣ ያሉትም እሳቸው ናቸው። በሕጉ ከሄድን ግማሹ የእማዬ ነው፤ የቀረው ግማሽ ሚሊዮን ለሰባት ይሆናል። ማሙሽ እንደገና ነካ ነካ አደረገ፤ 71428.571428። ለእያንዳንዱ 71,428 ብር ከ57 ሳንቲም፣ ቀሪ አንድ ሳንቲም። ከሁለት ወደ አንድ መውረዱ ጋሼን ትንሽ ሳያጽናናቸው አልቀረም። የእኔ ዓይን ግን ሌላ ላይ ነበር፤ አኃዞቹ እነዚያው ናቸው። እማዬ ጀበናዋን እያጋደለች፣ "እኔ መንጃ ፈቃድ የለኝም፤ መኪናው የእናንተ ነው" ብላ ግማሹን ተወችልንና ወደ አንድ ሚሊዮናችን ተመለስን።

ወዲያው አሜሪካ ያለችው እህታችን ከስኳር ዕቃው አጠገብ፣ "የእኔን ለማሙሽ ስጡልኝ" አለች። ማሙሽ እንባ አቀረረ፤ እያቀረረም በሁለት አባዛው። 285714። እትዬና ሁለቱ እህቶቼ ደግሞ የሦስቱን ድርሻ አንድ ላይ አድርገው ባልትና ሊከፍቱ ኖሯል። በሦስት ሲባዛ 428571። እትዬ ሁለቱን ቁጥሮች በጋሼ ወረቀት ላይ ጎን ለጎን ሲያዩ ፊታቸው ተለዋወጠ።

"ይሄ እኮ ያንኑ ቁጥር ነው እያገላበጣችሁ የምትሰጡን!"

ውርስ ላይ ጥርጣሬ አንዴ ከገባ ሽማግሌም አያወጣው። ጋሼ ሠላሳ ዓመት የጠበቁት ስማቸው ሊጎድፍ ነው፤ ስለዚህ እኔ ገባሁበት። ቁጥሯን ከተማሪነቴ ጀምሮ አውቃታለሁ። በሕይወቴ አንድ ቀን እንደምትጠቅመኝ ስጠብቅ ሽበት ጀምሮኛል።

እማዬን ስድስት ሲኒ ለምኜ ረከቦቱ ላይ ክብ አድርጌ ደረደርኳቸው። በየሲኒው ሥር ቁራጭ ወረቀት አኖርኩ፤ በቀኝ በኩል ሲዞር 1፣ 4፣ 2፣ 8፣ 5፣ 7። "እትዬ፣ ከ1 እስከ 6 አንድ ቁጥር ይጥሩልኝ።"

"አምስት።"

"ከ7 ይጀምሩና ወደ ቀኝ ይዙሩ።"

ሰባት፣ አንድ፣ አራት፣ ሁለት፣ ስምንት፣ አምስት። ማሙሽ በስልኩ 142857ን በ5 አባዛ፤ 714285። በ2 ከሆነ ከ2 ይጀመራል፣ በ3 ከሆነ ከ4፣ በ4 ከሆነ ከ5፣ በ6 ከሆነ ከ8። አንድም ሲኒ ቦታውን አይለቅም። የሚለወጠው ቡናው ከማን እንደሚጀመር ብቻ ነው። ደግሞ ትይዩ የተቀመጡትን ሲኒዎች ብትደምሩ፣ 1ና 8፣ 4ና 5፣ 2ና 7፣ ሁሉም ዘጠኝ ዘጠኝ ይሆናሉ።

"ታዲያ ዘጠኝ ራሱ የት ሄደ?" አለች አንዷ እህቴ። ልክ ናት። ከዚህ ማኅበር የቀሩት 3፣ 6ና 9 ናቸው፤ ዜሮም አልተጋበዘም። በሰባት ስናባዛው ግን 999999 ይሆናል። ሳይጠራ የቀረው ዘጠኝ ስድስት ሆኖ መጣ።

እህቶቼ አጨበጨቡ። ጋሼ ግን፣ "አንድ ብር ጎደለ" አሉ። እውነታቸውን ነው። ሚሊዮን ለመሙላት አንድ ብር ጎድሏል፤ ያቺ አንድ ብር ለሰባት ተካፍላ ነው አሥራ አራት አሥራ አራት ሳንቲሙን የሰጠችን፣ ሁለቷንም ሳንቲም ያተረፈችብን።

ተንኰሉ ያለው በጋሼ እርሳስ ውስጥ ነው። 10 ለ7፣ አንድ ደርሶ 3 ይቀራል። ዜሮ ጨምሮ 30፣ አራት ደርሶ 2 ይቀራል። 20፣ ሁለት ደርሶ 6 ይቀራል። 60፣ ስምንት ደርሶ 4 ይቀራል። 40፣ አምስት ደርሶ 5 ይቀራል። 50፣ ሰባት ደርሶ 1 ይቀራል። አንድ ሲቀር ደግሞ ዜሮ ጨምረን ወደ ተነሣንበት 10 ተመለስን፤ ከዚህ በኋላ እስከ ዕለተ ምጽአት መዞር ነው። በሰባት ሲካፈል ሊተርፉ የሚችሉት ቁጥሮች ከ1 እስከ 6 ያሉት ብቻ ናቸው። እነዚህ ስድስቱ ሁሉ በአንድ አደባባይ ላይ ተራ በተራ ተሰልፈዋል። ማሙሽ በሁለት መንገድ ይግባ፣ እነ እትዬ በሦስት መንገድ ይግቡ፣ ከገቡ በኋላ የሚዞሩት ያንኑ አደባባይ ነው።

ሁሉም ቁጥር እንዲህ አይደለም። ለአሥራ ሦስት ብንካፈል ኖሮ አደባባዩ ሁለት ይሆን ነበር፤ አንዱ 076923ን፣ ሌላው 153846ን ይዞ ይዞራል፤ አንዱ ወገን የሌላውን ደጅ አይረግጥም። አሥራ ሦስት ወራሽ ያለበት ቤት ለሁለት መከፈሉ እንግዲህ የጠባይ ጉዳይ ብቻ አይደለም። አሥራ ሰባት ብንሆን ደግሞ እንደ ሰባት አንድ አደባባይ ይኖረን ነበር፤ ግን 0588235294117647ን የሚያህል፣ ለመዞሩም አሥራ ስድስት ሲኒ የሚፈልግ። አባባ በሰባት ማቆማቸው ውለታ ነው። ስንት ሌላ እንዲህ ያለ ቁጥር አለ ብላችሁ ብትጠይቁ፣ ኤሚል አርቲን የሚባል የሒሳብ ሊቅ እ.ኤ.አ. በ1927 ማለቂያ የላቸውም ብሎ ገምቷል። እስከ ዛሬ ይህን በማያሻማ መንገድ ያረጋገጠለት ሰው የለም። ከዜሮ ሳይጀምር እንዲህ የሚዞር ቁጥር ግን የእኛዋ ብቻ ናት።

ሰው ሲሰማኝ ማቆም አልችልም፤ ይህን የሚያውቅ ሁሉ ያውቀዋል። ቁጥሯ በራሷ ስትባዛ 20408122449 ትሆናለች። ከኋላ ስድስት አኃዝ ቆጥራችሁ ለሁለት ቁረጧት፤ 20408 እና 122449። ሁለቱን ደምሯቸው፤ ተመልሳ 142857። እንዲህ ያሉ ቁጥሮች የሚጠሩት በካፕሬካር ስም ነው። ካፕሬካር በሕንድ አገር ዴቭላሊ በምትባል ከተማ የትምህርት ቤት መምህር ሆኖ፣ በትርፍ ጊዜው ቁጥር ሲያጫውት የኖረ ሰው ነው። የመምህር ደመወዝ መቼም በየትም አገር ሰውን ቁጥር ያስለምዳል።

"ሁላችሁም እኮ ታውቋታላችሁ" አልኳቸው። "ስለ ክብ ስንማር 22 ለ7 ስንል የኖርነው እሷን ነው።" ማሙሽ ሠራው፤ 3.142857። አርኪሜዴስ ከዛሬ ሁለት ሺህ ሁለት መቶ ዓመት በፊት የክብ ዙሪያ ከወገቡ ሦስት እጥፍ ከአንድ ሰባተኛ እንደማይደርስ አሳይቶ ነበር። እኛ ግን ያላለፈውን ወሰን እንደ ልኩ ይዘን ፈተና አለፍንበት። ትክክለኛው ከ3.14159 ይነሣል፤ እስከ 3.14 አብረው ይሄዱና ከዚያ ይለያያሉ።

"ሲኒዬን መልስልኝ፤ ሁለተኛው ቡና ደርሷል" አለች እማዬ።

ሲኒዎቹን ስመልስ እስካሁን ዝም ብለው ሲሰሙ የነበሩት የንስሐ አባቷ እርሳሱን ከጋሼ ተቀበሉ። "ይህን በፈረንጅ አኃዝ ጽፋችሁ ነው የተወሳሰበባችሁ" አሉና ከወረቀቱ ግርጌ ጻፉ፦

፲፬፼፳፰፻፶፯

"ዐሥራ አራት እልፍ፣ ሃያ ስምንት መቶ፣ ሃምሳ ሰባት።"

ይህን ያህል ዘመን አውቃታለሁ ያልኩት ሰውዬ አፌን ከፍቼ ቀረሁ። የግእዝ ቁጥር ዜሮ የለውም፤ በአሥርና በአሐድ ተጣምሮ፣ ሁለት ሁለት እየሆነ፣ በ፻ እና በ፼ ተለይቶ ይጻፋል። እንዲያ ስትጻፍ ቁጥሯ ምሥጢሯን ራሷ ታወጣለች። አሥራ አራት፣ እጥፉ ሃያ ስምንት፣ የእሱም እጥፍ ሃምሳ ስድስት። ሃምሳ ሰባት የሆነው ቀጥሎ የሚመጣው እጥፍ 112 ስለሆነ ነው፤ በሁለት አኃዝ ቤት ሦስት አኃዝ አይገባምና ግንባሩ ላይ ያለችው አንድ ተርፋ ወደ ጎረቤቷ ፈሰሰች። ሦስቱን ጥንዶች ብትደምሯቸውም፣ 14 እና 28 እና 57፣ ውጤቱ 99 ነው። ለዓመታት በማሽን ስደምርና ሳባዛ ያላየሁትን አባ በአንድ መስመር አሳዩኝ።

በዚህ አላበቁም። "እናንተ" አሉ፣ "ድርሻውን ይዛችሁ ቀሪውን የት እንጣለው ትላላችሁ። በባሕረ ሐሳብ እኛ ድርሻውን ጥለን የምንይዘው ቀሪውን ነው።"

ከዚያም የ2018ን መስከረም አንድ ዓይናችን እያየ አወጡ። 5500 ዘመነ ብሉይ፣ 2018 ዘመነ ሐዲስ፤ ድምሩ 7518። ለአራት ሲካፈል 1879 ደርሶ 2 ይቀራል፤ ቀሪው ሁለት ከሆነ ዘመኑ የማርቆስ ነው። 7518 እና 1879 ሲደመሩ 9397። ይህ ለሰባት ሲካፈል የሚደርሰው አያስፈልግም፤ የሚቀረው 3 ነው። ማክሰኞን አንድ ብሎ መቁጠር፤ ማክሰኞ፣ ረቡዕ፣ ሐሙስ። የ2018 መስከረም አንድ ሐሙስ ዋለ። ማሙሽ ያንኑ 9397 በስልኩ ለሰባት አካፈለው፤ 1342.428571። የእነ እትዬ የባልትና ድርሻ ቁልጭ ብላ ከነጥቡ በስተቀኝ ተቀመጠች። እትዬ አማተቡ።

ይህ ሊያስደንቀን ባልተገባ ነበር። ዓመቱ 365 ቀን ነው፤ ለሰባት ሲካፈል 52.142857 ሳምንት። ያቺ ከሃምሳ ሁለቱ ሳምንት የተረፈች አንዲት ቀን ናት እንቁጣጣሽን በየዓመቱ አንድ ቀን እየገፋች ከረቡዕ ወደ ሐሙስ የምታሸጋግራት። ጳጉሜን ስድስት በምትሆንበት ዓመት ደግሞ 366 ለሰባት 52.285714 ይሆናል፤ የማሙሽ እጥፍ ድርሻ። የዚያን ጊዜ እንቁጣጣሽ ሁለት ቀን ትዘላለች። ቀሪ ባይኖር ኖሮ እንቁጣጣሽ እስከ ዓለም ፍጻሜ በአንድ ቀን ትውል ነበር፤ ባሕረ ሐሳብም ሥራ ይፈታ ነበር። አባ እንደነገሩን ሌላው የባሕረ ሐሳብ አካፋይ 19 ነው፤ 4፣ 7ና 19 ተባዝተው 532 ዓመት ሲሞላ ዐቢይ ቀመር ይባላል፣ ዙሩም እንደገና ይጀመራል። ቤቴ ገብቼ 1ን ለ19 ሳካፍል አሥራ ስምንት አኃዝ ይዞ በአንድ አደባባይ ሲዞር አየሁት። ሊቃውንቱ ለዚህ ብለው እንዳልመረጡት አውቃለሁ፤ 7 የሳምንት ልክ፣ 19 የጨረቃ ዑደት ልክ ነው። ቢሆንም ለብቻዬ ፈገግ አልኩ።

በረካው ሲቀዳ ጋሼ አሁንም ወረቀቱ ላይ እንደተደፉ ናቸው። ከሰባቱ መስመር በታች ስምንተኛ አስምረው "ቀሪ 0.02" ብለው ጽፈዋል፤ አንዴ አስምረውበታል፣ ቆይተው ደግሞ አስምረውበታል። በዕጣ ትውጣ ተባለ። ለእማዬ ትሰጥ ተባለ፤ እማዬ፣ "ቤሳ ቤስቲን የሌላት ሴት መሰልኳችሁ እንዴ?" ብላ ተቆጣች። አሜሪካ ያለችው እህታችን በዶላር ስንት ትሆናለች ብላ ልታሰላ ስትል መስመሩ ተቋረጠ። ጋሼ በመጨረሻ፣ "በእኔ ሒሳብ ትቆይ፤ ግን ሁላችሁም ፈርሙልኝ" አሉ። ለሁለት ሳንቲም ቃለ ጉባኤ ተጻፈ። አምስታችን ፈርመን ስድስተኛው ሊፈርም ሲል የጋሼ ስልክ ጠራ።

ደላላው ነው። ድምፁ ከስኳር ዕቃው ማዶ ድረስ ይሰማል።

"ጋሼ፣ እንደምን ዋሉ? ሁለት ፐርሰንቴን ረሱት እንዴ?"

ቤቱ ጸጥ አለ። ማንም አላስታወሰውም። ሁለት ሳንቲም ስንፈልግ የዋልን ሰዎች ሁለት ፐርሰንት ረስተናል። ከአንድ ሚሊዮን ሃያ ሺህ ብር ነው። ጋሼ፣ "አልረሳንም፣ ነገ ጠዋት" ብለው ስልኩን ዘጉና ላባቸውን ጠረጉ። "በል ማሙሽ፣ ዘጠኝ መቶ ሰማንያ ሺህ ለሰባት።"

ማሙሽ ነካ ነካ አደረገ፤ ስክሪኑን አየ፣ ወዲያው መልሶ ነካካው። ከዚያ ስልኩን ወደ ጋሼ አዞረው። ነጥብ የለውም።

ጋሼ አዲስ ወረቀት አሰመሩ። ለእያንዳንዳችን 140,000 ብር፤ ለደላላው 20,000 ብር፤ ቀሪ የለም።